ጌጁ «ቀዝቃዛ ነው» ሲላችሁ

በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ቤት ወጪና ስለ ልጆች ነው። የዚህ ወር ጉዳይም ከሁለቱ አይርቅም፤ መነሻው ግን የአባቴ መኪና ነው።

አባቴ ዲኤክስ አለው። ለማታውቁት፣ ዲኤክስ የምንላት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የነበረችዋን ቶዮታ ኮሮላ ነው። ዓይኑን ሞራ ከያዘው ወዲህ መሪውን ለእኔ ለቆ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል። መሪውን ለቀቀ እንጂ መንዳቱን አልተወም፤ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የሱም እግር አብሮ ወለሉን ይረግጣል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከለገሃር ተነስተን በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ እየወጣን ነበር። ከኋላ የወንድሜ የስድስት ዓመት ልጅ አለች። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከታች ሲያዩት የዋህ ይመስላል፣ መኪና ተጨናንቆ በአንደኛ ማርሽ እየተሳቡ ሲወጡት ግን ዳገትነቱ ይታወቃል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ እንዳልን የሙቀት ጌጁን አየሁት። ጠቋሚው ከመሐል ወርዶ ቀዝቃዛው ምልክት ላይ ተኝቷል። ደስ አለኝ። ዳገት ላይ ሞተር ይሞቃል ብዬ ስሰጋ ነበራ!

አባቴ ግን አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና «ልጄ፣ ጥግ ያዢ» አለኝ።

«አባዬ፣ ጌጁ እኮ ቀዝቃዛ ነው ይላል።»

«ጌጁን ተይው። ሂተሩን ክፈቺ።»

ከፈትኩት። ግማሽ ሰዓት የሠራ ሞተር ያለው መኪና ሂተር ትኩስ አየር ነው መንፋት ያለበት። የነፋው ቀዝቃዛ ነበር። እኔ አሁንም «ይኸው፣ ቀዝቃዛ ነው» ልል አፌን ስከፍት ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ልጅቷን አቅፌ የወረድኩበትን ፍጥነት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያ ጌጅ ከወራት በፊት ጀምሮ ጤነኛ አልነበረም። ፍሬቻ ሳበራ ከፍሬቻው ጋር አብሮ ይርገበገባል፣ የፊት መብራት ሳበራ የነዳጁም የሙቀቱም ጠቋሚ እኩል ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ። የወንድሜ ልጅ «እየጨፈሩ ነው» እያለች ትስቅ ነበር፣ እኛም አብረናት። ስለዚህ ያን ቀን ጠቋሚው ሲወርድ «የተለመደው ነገር ነው» ብዬ ለማለፍ አልተቸገርኩም። የተበላሸ ጌጅ ትልቁ ጉዳቱ ይህ ይመስለኛል፤ እውነቱን በሚናገርበት ቀን እንኳ የሚያምነው ሰው ያጣል።

ግን ያን ቀን ጌጁ እየዋሸ ነበር ወይ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

ዳሽቦርዱ ላይ የምናየው ጠቋሚ ራሱ ምንም አይለካም። የሚለካው ሞተሩ ላይ ተቦርቡሮ የገባ፣ ጫፉ ውሃ (ወይም ኩላንት) ውስጥ የተነከረ ትንሽ ሴንሰር ነው። ውሃው ሲሞቅ የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም ይቀንሳል፣ ብዙ ከረንት ያልፋል፣ ጠቋሚውም ወደ ላይ ይሄዳል። እንግዲህ ውሃው በሆነ ቦታ ፈስሶ አልቆ ቢሆንስ? የሴንሰሩ ጫፍ አየር ላይ ይንጠለጠላል። አየር ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት አያስተላልፍም። ብረቱ እየተቃጠለ ሴንሰሩ «ቀዝቅዣለሁ» ይላል፣ ጠቋሚውም የተነገረውን ያሳያል። የሂተሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሂተር የሚሞቀው ከሞተሩ በሚመጣ ትኩስ ውሃ ስለሆነ ውሃው ሲያልቅ ቀዝቃዛ ይነፋል። አባቴ ሂተሩን ክፈቺ ያለኝ ሁለተኛ ምስክር ፈልጎ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቢሮ ውስጥ «ዳሽቦርድ» የምንለው የሽያጭ ቁጥር የሚታይበትን ስክሪን ነው፤ አንድ ቁጥር ለቀናት ሳይነቃነቅ ሲቀር አለቃችን «ተረጋግቷል» አትልም፣ «ዳታው መግባት አቁሞ እንዳይሆን» ነው የምትለው። ይህን በየሳምንቱ እየሰማሁ መኪና ውስጥ ሲሆን አለማሰቤ ያሳፍረኛል። የሠለጠነ ሞተር ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ጌጁ ከቀዝቃዛው ምልክት ካልተነሳ ሊሆን የሚችለው ጥቂት ነው። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ሞተሩ እውነትም አልሞቀም፣ ወይም ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ተበላሽቷል፣ ወይም ውሃ የለም። የመጀመሪያዎቹ ነገ ሊደርሱ ይችላሉ። የመጨረሻው አይደርስም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ማረጋገጥ ያለባችሁ ውሃውን ነው፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ።

«ከቀዘቀዘ በኋላ» ያልኩትን አትለፉት። የፈላ መኪና የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ ውስጡ በግፊት የታመቀ እንፋሎት ነው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታ ሊሰነጥቅ ይችላል። እኛ ሞተሩን አጥፍተን፣ ኮፈኑን ከፍተን፣ ከመንገዱ ዳር አርባ ደቂቃ ያህል ቆምን። ሁለት ወጣቶች በጀሪካን ውሃ ይዘው መጥተው «እናፍስስበት?» ሲሉ አባቴ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው። ጌጁ ወደ ሞቃቱ ሲወጣ ብታዩና ወዲያው መቆም ባትችሉ ደግሞ ኤርኮንዲሽኑን አጥፍታችሁ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ውሃ እስካለ ድረስ ከሞተሩ ትንሽ ሙቀት ይቀንሳል። መስኮት ግን ክፈቱ።

አዲስ አበባ ስለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ ፒያሳና ከሱ በላይ ያለው ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀትም ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ መኪኖቻችን ሁሉ ለምን አይፈሉም? የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው። ክዳኑ ተራ ክዳን አይደለም፤ ግፊት አምቆ ውሃው የሚፈላበትን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን ግፊቱን አይዝም፤ ያኔ ባሕር ዳርቻ ላይ የማይፈላ መኪና ቸርችል ላይ ይፈላል፣ ጌጁም መሐል ላይ እንደቆመ። ክዳኑን ስትቀይሩ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር (0.9 ወይም 1.1 ዓይነት) ከድሮው ጋር አስተያዩት። ከመኪና ዕቃ ሁሉ እንደዚህ በርካሽ ትልቅ ወጪ የሚያድን አላውቅም።

ጌጁ መሐል ላይ የሚቆምበትም ሌላ ምክንያት አለው፤ ይህን ስሰማ እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ ሳቄ መጣ። ጠቋሚው ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ደንበኞች እየደነገጡ ወደ ጋራዥ ሲመላለሱ የመኪና አምራቾች በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ጠቋሚው በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ ሳይነቃነቅ መሐል ላይ እንዲቆም አደረጉት። ደንበኛው ተረጋጋ። ግን ጠቋሚው ከመሐል ተነስቶ ሲወጣ ስታዩ ነገሩ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ ትናንሽ መኪኖች ላይ ጭራሽ ጌጁን አውጥተው በሁለት መብራት የተኩበትም አለ፤ ሰማያዊው «ገና አልሞቅኩም»፣ ቀዩ «ፈላሁ»። ቪትዝ ያላችሁ፣ ቀዩ ብልጭ ካለ የምትቆሙት እዚያው ነው እንጂ ቤት ደርሳችሁ አይደለም።

ወደ ዲኤክሷ እንመለስ። ተጎትታ የገባችበት ጋራዥ (ስሙን አልጠራም) የፈሰሰውን አገኘ፤ የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ነው። ቴስታታውን አይተው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ደህና መሆኑን ነገሩን። አባቴ በልጅነቱ ያደረገውን ማማተብ ያን ቀን ደገመው። ስለሚጨፍሩት ጠቋሚዎች ስጠይቅ ግን መልሱ አንድ ነበር፦ «ክላስተሩ ይቀየር»። ማለትም ጌጆቹን፣ መብራቶቹንና ኪሎሜትር ቆጣሪውን አንድ ላይ የያዘው ሙሉ ዳሽቦርድ። ሶማሌ ተራ ሄደን ያገለገለ እንድንፈልግ ተመከርን። መልሱን የሰጡት ደግሞ ለጠየቅኋቸው ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ ነበር፤ ይህን የምታነቡ ሴቶች ታውቁታላችሁ።

ያገለገለ ክላስተር ስትገዙ የሌላ ሰው መኪና የሄደበትን ኪሎሜትር አብራችሁ ትገዛላችሁ። ይህ ብቻ አባቴን አስቆጣው። «አርባ ዓመት የቆጠረችልኝን ላጥፋ?»

በመጨረሻ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ሠራተኛ ሰፈር ቤታችን ድረስ መጣልን። ሱቁ የነበረበት የፒያሳ ጥግ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፈረሰ ወዲህ መሣሪያውን በቦርሳ ይዞ ነው የሚዞረው። ቦርሳውን ሳይከፍት ጥያቄ ጀመረ። «ጋሼ፣ አንዱ ነው የሚወዛወዘው ወይስ ሁሉም? መብራት ሲበራ ይብሳል? መንገድ ሲያንገጫግጭስ?» አባቴ እንደ ሐኪም ቤት ታካሚ አንድ በአንድ መለሰ።

ጥያቄዎቹ ሥራውን ግማሽ እንደሠሩት በኋላ ነው የገባኝ። አንድ ጌጅ ብቻ ከተበላሸ ጥርጣሬው ወደዚያ ጌጅ ሴንሰርና ሽቦ ይሄዳል። ሁለት ወይም ሦስት አብረው ሲያብዱ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ተበላሹ ማለት አይመስልም፤ የጋራ የሆነ ነገር አላቸው። ወይ ፊውዙ፣ ወይ ኤሌክትሪክ የሚያስገባላቸው መስመር፣ ወይ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኛቸው የኔጌቲቭ ሽቦ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ለጌጆቹ የሚሄደውን ቮልቴጅ እኩል አድርጎ የሚይዝ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለ፤ እሱ ሲበላሽ የነዳጁም የሙቀቱም ጠቋሚ አብረው ከፍ ወይም አብረው ዝቅ ይላሉ። ፍሬቻ ሲበራ አብሮ መርገብገብ ግን የኔጌቲቩ ምልክት ነው፤ ከረንቱ ተገቢ መመለሻ ሲያጣ በጌጆቹ በኩል መንገድ ይፈልጋል።

ክላስተሩን ከቦታው ትንሽ አወጣው። አንድ ሽቦ ወስዶ አንዱን ጫፍ ከክላስተሩ ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከመኪናው ብረት ጋር ነካ አድርጎ ያዘውና «እህቴ፣ ፍሬቻ አብሪልኝ» አለኝ። አበራሁ። ጠቋሚዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችው ብሎን ዝጋ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፣ አጠበቃት፣ አበቃ። ያስከፈለን ከጋራዡ ግምት ጋር ሲነጻጸር ለመናገር ያሳፍራል፤ አባቴ ጨምሮ ሰጠው።

ከሱ የለቀምኳቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍላችሁ። የነዳጅ ጌጅ ብቻውን ሲበላሽ በሰልባቲዮው ውስጥ ከነዳጁ ጋር የሚንሳፈፍ ኳስ መሳይ ነገር አለ፤ ኳሱ ሲወርድና ሲወጣ መቋቋሙን የሚለውጥ ክንድ ይዟል። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ሰልባቲዮው ሲሞላ 3 ኦም፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም ገደማ ይነበባል። ባለሙያው ሽቦውን ከሰልባቲዮው ላይ ነቅሎ በትንሽ አምፖል በኩል ከብረት ጋር ሲያገናኘው ጠቋሚው ወደ ሙሉ ከወጣ፣ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሰልባቲዮው ውስጥ ነው። ካልወጣ ጥፋቱ ወደ ዳሽቦርዱ ነው። ሰልባቲዮ አጠገብ ብልጭታ ስለማይፈለግ ይህን ለባለሙያ ተዉት፤ እናንተ ግን «ይህን ሞክረሃል?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይቺ አንዲት ጥያቄ ብቻ አላስፈላጊ ክላስተር ከመግዛት ታድናለች። መኪናችሁ አዲስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በስካነር እንዲነበብ ጠይቁ። ስካነሩ ኮምፒዩተሩ የሚያየውን የሞተር ሙቀት በዲግሪ ያሳያል፤ ስካነሩ 88 እያለ ዳሽቦርዱ ሌላ ካለ ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ጋ ነው፣ ሁለቱም ተመሳሳይ የማይሆን ነገር ካሉ ሴንሰሩ ጋ።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ የምትሄዱም አላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ወይ ያለችንን እናስታምማለን ወይ ከጎረቤት እንገዛለን። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ቁልፉን አንድ ደረጃ ክፈቱና ዳሽቦርዱን እዩ። የዘይቱ፣ የባትሪው፣ የሞተሩ መብራት ሁሉም መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። መጀመሪያውኑ ያልበራ መብራት ካለ «ችግር የለም» ማለት አይደለም፤ ተቃጥሏል፣ ወይም ችግሩ እንዳይታይ ሆን ተብሎ ተነቅሏል። እየነዳችሁ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ ጌጅ ይሁን ሴንሰር ብላችሁ አትመራመሩ። ያን ጊዜ አጥፍቶ መቆም ነው፤ ዘይት ያጣ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል።

ኤሌክትሪሻኑ ቡና እየጠጣ ሳለ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ በዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎ እንኳ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው፤ «ፒያሳ» ራሷም። የሚሽከረከረውንና የሚቃጠለውን ከጣሊያን ወሰድን። ስለ መኪናው የሚነግሩን ጌጅ፣ ሴንሰርና ስካነር ግን በኋላ በእንግሊዝኛ መጡ። አባቴ ይህን ስነግረው «ለዚያ ነው የማልሰማቸው» አለ።

እውነትም አይሰማቸውም። መንዳት የተማረው በጓደኛው ቮልስ ነው። በፈረንጆቹ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ቮልሶች የነዳጅ ጌጅ የሚባል አልነበራቸውም፤ መኪናው መንተፍተፍ ሲጀምር በእግር የሚገፋ ትንሽ ቧንቧ ነበረ፣ እሱን ስታዞሩት ሰልባቲዮው ሥር የቀረው ጥቂት ሊትር ይለቀቃል። ያችን ቧንቧ መመለስ የረሳ ሰው ቀጣዩን ጉዞ በእግሩ ይጨርሳል። ስለዚህ አባቴ ዛሬም ፉል ባስሞላ ቁጥር ኪሎሜትሩን ኪሱ ውስጥ ባለች ደብተር ይጽፋል። ዲኤክሷ ከተማ ውስጥ በሊትር ስንት እንደምትሄድ ያውቃል፤ ማደያ ሰልፍ ባለበት ሳምንት ጎረቤቶች ጌጃቸውን ሲያዩ እሱ ደብተሩን ያያል። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃና ዘይት ማየት ጀምሯል፤ ዓይኑ በደንብ ስለማያይ የዘይት ማያውን ዘንግ የወንድሜ ልጅ ናት የምታነብለት።

ኤሌክትሪሻኑ ሊሄድ ሲል የነዳጁን ጠቋሚ አየው። ከሩብ በታች ሲሆን አሁንም ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ክንዱ ሳይጣመም አልቀረም። «ጋሼ፣ ይቺንም ላስተካክላት?»

«ተዋት» አለ አባቴ፣ ደብተሩን ወደ ኪሱ እየመለሰ። «የሷን ውሸት እኔ አውቀዋለሁ።»